ጎረቤትሽን ተያት፣ ካርቶኑን እንጠይቅ

ደብዳቤው ረጅም ነው። ዋና ዋናውን ላቅርብ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የ12 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሁለት ዓመት ጥንቸል አሳድገዋል። ለመብል አይደለም፣ በእኛ ቤት አይታሰብም። ለልጆቹ ደስታ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጄ ካጠራቀማት ገንዘብ፣ በካርቶን ይዞ ከሚዞር ልጅ አንዲት ነጭ ጥንቸል ገዛ። እሷን ጨምሮ 12 ሆኑ። ሐሙስ ጠዋት ትልቁ ወንዱ ደርቆ ተገኘ። ማታ ጎመን ሲቆረጥም ነበር። ዓርብ ሁለት ሴቶች ሞቱ። አንዷ አፍንጫዋ ላይ ደም ነበራት። ቅዳሜና እሑድ የ16 ቀን ግልገሎች አራቱም አለቁ። እናታቸው ግን ደህና ነች። ማክሰኞ ከሦስቱ ጎረምሳ ጥንቸሎች አንዱ ተንፈራግጦ፣ ጮኾ ሞተ። ጥንቸል ድምፅ እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

እናቴ ‘ዓይን ነው’ ትላለች። እኔ የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ነው። ጥንቸሎቹ በአጥር ሾልከው ጎመኗን ስለበሉባት ተቀያይመናል። ነጯ በመጣች በማግስቱ ደግሞ ከአቮካዶ ዛፏ የቆረጠችውን ቅርንጫፍ ‘ለጥንቸሎቹ’ ብላ ለልጄ አቀበለችው። በአራተኛው ቀን ሞት ጀመረ። እኔ ቤት የነበረ አሞክሳሲሊን በውሃ በጥብጬ ለቀሩት መስጠት ከጀመርኩ ሦስት ቀኔ ነው። ሁለቱ ጎረምሶች ግን ተቅማጥ ያዛቸው። ምንድን ነው የገደለብን? ለልጆቼስ ያሰጋል? ጎረቤቴን ፊት ለፊት ልጠይቃት ወይስ ሽማግሌ ልላክባት? ልጆቹ ደግሞ ሌላ መቼ ትገዥልናለሽ እያሉ ነው።»

እህቴ፣ የአሞክሳሲሊኑን ነገር ይህ ዓምድ እስኪወጣ አልጠበቅሁም። ደብዳቤሽን ባነበብኩበት ምሽት «አሁኑኑ አቁሚ» ብዬ መልእክት ልኬልሻለሁ። እዚህ የምደግመው ለሌላው አንባቢ ነው። ይህን ስህተት ያልሠራ ጥንቸል አሳዳጊ ያጋጠመኝ ጥቂት ነው።

የጥንቸል ሆድ እንደ እኛ አይደለም። ትልቁ ሥራ ያለው ጨጓራዋ ላይ ሳይሆን ትንሹ አንጀት አልቆ ትልቁ ሲጀምር ባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። ሣሩን የሚያብላሉት እዚያ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ሌሊት ሌሊት ከዚያ ከረጢት የሚወጣ ለስላሳ በጠጥ አለ። ጥንቸሏ ጎንበስ ብላ ከራሷ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች። ልጆች ሲያዩት «ኤጭ!» ይላሉ። እሷ ግን የምትበላው ምግቧን ነው።

አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን ወይም ሊንኮማይሲን በአፍ ሲሰጣት ደጎቹ ተሕዋስያን ያልቁና ክሎስትሪዲየም ለሚባሉት ሜዳው ይለቀቅላቸዋል። እነሱ የሚያመነጩት መርዝ በጥቂት ቀን ውስጥ በተቅማጥ ይገድላታል። ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አትችልም። የገባው ገባ። በሽታው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ አሞክሳሲሊን ጭራሽ አይነካውም።

አልፈርድብሽም። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ስድስት ጥንቸል በዘንቢል ይዞ መጣ። አፍንጫቸው ይዝረከረካል፣ ሲጠርጉበት የፊት እግራቸው ፀጉር ተጣብቋል። ፓስቱሬላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው ብዬ ገመትኩ። ግምቴ ዛሬም ልክ ይመስለኛል። ከዚያ ግን የሰው አሞክሳሲሊን ካፕሱል ፈትቼ፣ ዱቄቱን በወረቀት ከፋፍዬ፣ «ጠዋትና ማታ» ብዬ ሰጠሁት። በአምስተኛው ቀን ዘንቢሉን ይዞ ተመለሰ። ባዶ ነው። ምንም አልተናገረኝም። ዘንቢሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቆመ። እኔ የተማርኩት ስለ በሬ፣ ስለ በግ፣ ስለ አህያ ነው። ስለ ጥንቸል ማንም አላስተማረኝም። ይህን ታሪክ ያዢልኝ፣ ወደ ልጅሽ ጉዳይ ስመጣ እፈልገዋለሁ።

ለሁለቱ ጎረምሶች ያልኩሽ ቀላል ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ሁሉም ይቅር። ንጹሕ ደረቅ ድርቆሽና ውሃ ብቻ። ሞቅ ያለ ቦታ፣ ከሥራቸው ደረቅ ጨርቅ። በጠዋት ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ፣ ፈሳሽ በመርፌ ከቆዳ ሥር እንዲሰጣቸው። ግማሽ ቀን አፏ ምንም ያልነካ ጥንቸል «ነገ አያታለሁ» አይባልላትም። አንዱ እንደሞተ፣ ሌላው ድርቆሽ መቆርጠም እንደጀመረ ጽፈሽልኛል። የሞተውን ልጆቹ በዚያው ሰዓት ጓሮ ቀብረውታል። ይህኛው ትንሽ ቆጭቶኛል። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄ። ሬሳ አላየሁም፣ ላቦራቶሪ የገባ ነገር የለም። ስለዚህ የምልሽ ሁሉ «ይመስለኛል» ነው። ግን አሟሟታቸው ራሱ ብዙ ይናገራል።

መርዝ ብዙ ጊዜ ተራ አይጠብቅም። ከአንድ ዕቃ የበሉ ተከታትለው ይወድቃሉ፣ በአንድ ሌሊት ወይ በሁለት ቀን። የተባይ መርዝ ከሆነ ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣሉ። የአንቺዎቹ ሐሙስ አንድ፣ ዓርብ ሁለት፣ ከዚያ ግልገሎቹ፣ ከዚያ ማክሰኞ ጎረምሳው። እንዲህ እየተቀባበለ የሚሄድ ነገር የሚተላለፍ በሽታ ነው የሚመስለው። የአፍንጫው ደም ብቻውን አያስፈርድም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የአይጥ መርዝም ስላለ። እኔን ያሳመኑኝ ግልገሎቹ ናቸው። የ16 ቀን ግልገል ዓይኑን ከገለጠ ሳምንት አልሞላውም። ጡት ነው የሚጠባው፣ ቅጠል አይበላም። ያጠባቻቸው እናት ደህና ሆና እነሱ ካለቁ፣ በአጥር የተቀበላችሁት ቅጠል ነው የገደላቸው ለማለት ይቸግራል።

እኔ የጠረጠርኩት የጥንቸል ሄሞራጂክ በሽታ የሚባለውን ነው። ቫይረስ ነው። ጉበት ላይ ይሰፍርና በአንድ በሁለት ቀን ያወድመዋል። ከዚያ ደሙ በየቀጫጭኑ የደም ሥር ውስጥ ይረጋል። ለመርጋት የሚያስፈልገው ነገር እዚያ ስለሚያልቅ በሌላ በኩል፣ በሳንባና በአፍንጫ፣ ደም መፍሰስ ይጀምራል። ብዙዎቹ ምንም ምልክት አያሳዩም። ማታ ይበላል፣ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። አንዳንዱ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጀርባውን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ተንፈራግጦ፣ ይጮኻል። አንቺ ማክሰኞ የሰማሽው ጩኸት ይኸው ይመስለኛል።

በሽታው መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ቻይና ውስጥ ነው፣ ከጀርመን በመጡ አንጎራ ጥንቸሎች ላይ። ያ የመጀመሪያው ዓይነት ትልልቆቹን ፈጅቶ ግልገሎቹን ይምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ሁለተኛ ዓይነት ተገኘ። ይኸኛው ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላቸውንም ይገድላል። አፍሪካም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ናይጄሪያ ውስጥ አርቢዎችን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። የአንቺ ግልገሎች ማለቃቸው ሁለተኛውን እንድጠረጥር ያደርገኛል። የሱ ምልክት ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ ከገባ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ነው የሚታየው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ቁጠሪ።

«ነጯ እኮ አልሞተችም» ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ እሱ ነው ነገሩን የሚያወሳስበው። ከዚህ በሽታ የሚተርፉ አሉ። የተረፈችው ለሳምንታት ቫይረሱን በበጠጧና በሽንቷ ልትረጭ ትችላለች፣ እሷ ጤነኛ መስላ። ወይም ነጯ ምንም የለባትም፣ ነገሩ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። ያ ልጅ በዚያ ካርቶን ከእሷ በፊት ስንት ጥንቸል እንደያዘበት ማን ያውቃል? ይህ ቫይረስ ጨርቅና ገለባ ላይ ደርቆ ከ3 ወር በላይ ይቆያል። በእጅ ይመጣል፣ በጫማ ይመጣል፣ በታጨደ ሣር ይመጣል።

በዝንብም ይመጣል። አውስትራሊያዎች የዱር ጥንቸል ስለበዛባቸው ይህንኑ ቫይረስ ዋርዳንግ በምትባል ደሴት ላይ አጥር አጥረው እየሞከሩት ነበር። አንቺ ከሐይቁ ዳር ቆመሽ ክብራን ገብርኤልን እንደምታይው፣ ደሴቷ ከየብሱ ቅርብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 ቫይረሱ ውሃውን ተሻግሮ የብስ ላይ ጥንቸል መፍጀት ጀመረ። ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ዝንቦች ነበሩ። ባሕር ያላስቆመውን ዝንብ የሽምብጥ አጥር አያስቆመውም።

ሌላም ሊሆን የሚችል ነገር አለ፣ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ሙቀት? ሚያዝያ ላይ ባህር ዳር 30 ዲግሪ ይደርሳል። ከቆርቆሮ ሥር ያለ ሳጥን ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጥንቸል አታልብም፣ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ ነው። ሙቀት ግን ከቀትር በኋላ ነው የሚገድለው፣ የአንቺ ትልቁ ወንድ ጠዋት ደርቆ ነው የተገኘው። ኮክሲዲዮሲስ? በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው፣ ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የጥንቸል የራሷ ዓይነት አላት፣ ጡት የጣሉትን ትንንሾች በተቅማጥና ሆድ በመንፋት ይጨርሳል። ጎልማሳ ወንድ በአንድ ሌሊት መጣል ግን ጠባዩ አይደለም። የሻገተ በቆሎና ፋጉሎም አለ። የሻጋታ መርዝ ጉበቷን ይመታል፣ ጥንቸል ደግሞ ለእሱ በጣም ስስ ናት። መኖው ከሸተተሽ ድፊው።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። ሽማግሌ አትላኪ። ፊት ለፊትም አትጠይቂያት። ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂያት? «ግልገሎቼን መረዝሽ?» ከአፍ ከወጣ በኋላ ላቦራቶሪ አይመልሰውም። እሷ ያደረገችው፣ እኔ ሳየው፣ የመታረቂያ ነገር ነው። ጎመኗን የበሉባትን ጥንቸሎች ቅጠል ልካ ቀለበች።

ቅጠሉ ግን ጥሩ አልነበረም። የአቮካዶ ቅጠል ውስጥ ፐርሲን የሚባል ነገር አለ፣ የጥንቸልን ልብ ይጎዳል። የበላችው ብዙ ከሆነ በአንድ በሁለት ቀን ትሞታለች። ያንቺዎቹ በአራተኛው ቀን ነው የጀመሩት፣ ያልበሉትም ሞተዋል። ዋናው ገዳይ እሱ አይመስለኝም። ዳግመኛ ግን እንዳይሰጣቸው። እዚህ አገር አቮካዶ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው፣ እንዲህ ያለ ቅጠል ይጎዳል ብሎ የሚያስብም የለም። አጥር ላይ የሚበቅለው የወፍ ቆሎም መርዛማ ነው። (እምቦጭ ለጥንቸል ይሆናል ወይ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ውሃው ብዙ፣ ፍሬ ነገሩ ትንሽ ነው፣ የሐይቁን ቆሻሻም መጥጦ ይይዛል። ይቅርባችሁ።) ቡና አፍዪና ጎረቤትሽን ጥሪያት። ስለ አቮካዶው ንገሪያት፣ እንደ ወሬ፣ እንደ ክስ ሳይሆን። እናትሽ ዓይን ነው ማለታቸውን ግን ቡናው ላይ እንዳያነሡት አደራ።

ጎረቤትሽን ነጻ ስናወጣ ጣቱ ወዴት እንደሚዞር ሳይገባሽ አልቀረም። ነጯን የገዛው ልጅሽ ነው። ደብዳቤሽ ላይ አንድ መስመር አለች፣ ከላይ ሳሳጥር ያወጣኋት፦ «ትንሹ ከሐሙስ ጀምሮ ወደ ጓሮ አይሄድም።» ልጁ ቀድሞሽ ደርሶበታል እህቴ። የ9 ዓመት ልጅ ቀን መቁጠር ያውቃል። ቅዳሜ አመጣት፣ ሐሙስ ሞት ገባ።

«አይ፣ ካንተ ጋር አይገናኝም» ብትይው አያምንሽም። ነገ ትምህርት ቤት ወይ ስልክ ላይ እውነቱን ሲሰማ ደግሞ እንደዋሸሽው ያውቃል። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ «ነጯን ያመጣሃት አንተ ነህ። በሽታው ከእሷ ጋር መጥቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ጥንቸል ሲመጣ ለብቻው መቆየት እንዳለበት እኔም አላውቅም ነበር፣ አባትህም አያውቅም። ማወቅ የነበረብን እኛ ነን።» ቀጥለሽ የእኔን የዘንቢል ታሪክ ንገሪው። በሥራው ደመወዝ የሚበላ ትልቅ ሰው ስድስት ጥንቸል ገድሏል በይው። እኔን ቢያማኝ ግድ የለም። ከዚያ ሥራ ስጪው። የቀሩትን ሦስቱን ጠዋትና ማታ የሚያይ፣ በጠጣቸውን የሚቆጥር፣ የበሉትንና ያልበሉትን ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ያስፈልግሻል። በጠጡ ያነሰ፣ የቀጠነ፣ የቀረ ቀን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ይሆናል።

ለልጆችሽ ያሰጋል ወይ? ይህ ቫይረስ ሰው አይዝም። ውሻና ድመትም አይዝም። ነገር ግን የጠረጠርነው ትክክል መሆኑን ስላላረጋገጥን ሬሳ በባዶ እጅ አይነካ። ፌስታል በእጅ አጥልቆ ማንሣት ይበቃል፣ ከዚያ ሳሙና። ከጥንቸል ወደ ልጅ የሚሄደው በአብዛኛው ጭርትና እከክ ነው። ክንዳቸው ላይ ክብ ክብ የሚያሳክክ ነገር ካየሽ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው።

ስለ ሬሳው ቆጭቶኛል ያልኩት ለዚህ ነው። ባህር ዳር የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራንም ዘንዘልማ ግቢ አሉ። ጥንቸል ይዘሽ ስትገቢ አንዳንዱ ፈገግ ይላል፣ ለምደናል። ሰው ከብት ይዞ በሚሰለፍበት በር ጥንቸል ይዞ መቆም ያሳፍራል። አትፈሪ። የሄሞራጂክ በሽታ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት አሳውቁኝ ከሚላቸው አንዱ ነው። ስለዚህ «ምርመራው እዚህ ካልተቻለ ናሙናው ሰበታ ወዳለው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይላክልኝ» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ሌላ ከሞተ፣ እንዳይሞት እየለመንኩ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም፣ ታችኛው ላይ። በረዶ ሲሆን ሥጋው ተበላሽቶ ሐኪሙ በደንብ ማየት ይቸግረዋል። ለብቻው የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ልጆቹም እንዳይከፍቱት። በጠዋት ባጃጅ ይዘሽ ከች። በሙቀታችን ሬሳ ሜዳ ላይ ብዙ ሰዓት ከቆየ ጉበቱ ብዙ አይናገርም። የሚከፈተው ጥንቸል ጉበቱ ገርጥቶ፣ መረብ የመሰለ ነገር ጣል ጣል ብሎበት፣ ቆሽቱ ሳይሆን ጣፊያው ጠቁሮ ካበጠ፣ ሐኪሙ ዝም ብሎ ያይሻል፣ የጠረጠርኩት በሽታ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። ጉበቱ ላይ ነጫጭ እባጭ ተዘርቶ ከሆነ ደግሞ ወሬው ኮክሲዲዮሲስ ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህንኑ ዓምድ ላይ አርመዋለሁ።

አሁን የተቀበሩት። ምን ያህል ጥልቅ ነው የቆፈሩት? ልጅ የቆፈረው ጉድጓድ ውሻ በአንድ ሌሊት ያወጣዋል። ሬሳውን የበላ ውሻም ሆነ ቁራ ባይታመምም ቫይረሱን በዓይነ ምድሩ ሰፈር ለሰፈር ያድላል። ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ከላዩ ኖራ ቢነሰነስበት። እናንተ ጋ ደግሞ ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ግማሽ ሜትር ሳትወርጂ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ውሃ ካገኘሽ ሌላ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጊ፣ ወይ በደንብ አቃጥዪው። ቱቦ ውስጥ፣ ሐይቅ ውስጥ፣ ገንዳ ውስጥ በጭራሽ።

የሞቱበት የእንጨት ሳጥን ይቃጠል። እንጨት የጠጣውን አይተፋም። ገለባውም፣ ካርቶኑም አብሮ። ሽቦውንና የውሃ ዕቃውን መጀመሪያ በሳሙና እሺ፣ ቆሻሻ ባለበት በረኪና አይሠራም። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ አድርገሽ አርጥቢው፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ይቆይ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር እንዳትደባልቂ። ወለሉ ላይ የፈላ ውሃ ድፊበት፣ በረኪና የማይፈራው የኮክሲዲዮሲስ እንቁላል እሱን ይፈራል። ሣር የምታጭዱት ሌላ ሰው ጥንቸል ከሚያሳርፍበት ከሆነ ቦታ ቀይሩ። ጤዛ የያዘውንም አትስጧቸው፣ ጠውለግ ይበል።

ሌላ ጥንቸል መቼ? ልጆቹ ይጠሉኛል። አራት ወር። ከዚያ በፊት አንድም ጥንቸል ወደዚያ ግቢ አይግባ። አራት ወሩ ሲያልቅ ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ መሬቱ ጭቃ፣ እርጥበቱ ለኮክሲዲዮሲስ ሠርግና ምላሽ። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ በሏቸው። ያኔም አዲሱ ለብቻው፣ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ጥግ፣ አንድ ወር ይቀመጥ። መጀመሪያ የቆዩትን መግባችሁ እሱን በመጨረሻ፣ ከዚያ እጅ መታጠብ። ለበሽታው ሌላ አገር ክትባት አለ፣ ሁለቱንም ዓይነት የሚከላከል። እዚህ ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው፣ ጥያቄው ሲበዛ ነው የሚመጣውም።

ነጯን እስከዚያ ለማንም እንዳትሰጫት። ለዘመድም፣ ለሰፈር ልጅም፣ በነጻም ቢሆን። ተናደሽባት እንኳ ከሆነ። ከእናትየውና ከተረፈው ጎረምሳ ለይታችሁ አስቀምጧት። የዚያን ካርቶን የያዘ ልጅ ካገኛችሁትም አትጩኹበት፣ ከየት እንደሚያመጣቸው ጠይቁት። እዚያ ቤትም ሳይሞት አይቀርም።

ስለ ጎመኑ ደግሞ፣ ጎረቤትሽ እውነቷን ነው። አጥሩን አስጠግኚው።